ባለቤቱ የሌለበት ደቂቃ

ራስን መሳት ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ድንገት ሲያንስ የሚደርስ አጭር የንቃት መቋረጥ ነው። ሳይታሰብ ይመጣል፣ ብዙ አይቆይም፣ ማንም ሳይረዳው ያልፋል። የደሙ ፍሰት ከ6 እስከ 8 ሰከንድ ሙሉ በሙሉ ቢቋረጥ ነቅቶ ሊቆይ የሚችል ሰው የለም፤ ዓይን ይጨልማል፣ ጉልበት ይከዳል፣ ሰው ይወድቃል። ሲጋደም ደሙ ሽቅብ መውጣቱ ስለሚቀርለት በቀላሉ ወደ ራስ ይመለሳል፤ በዚህ የተነሳ መውደቁ ራሱ ብዙ ጊዜ ያነቃዋል። ሰውየው ደቂቃ ሳይሞላ ዓይኑን ይገልጣል፣ የት እንዳለ ይገነዘባል፣ በዙሪያው የቆሙትን ለይቶ ያውቃቸዋል። ምን እንደደረሰበት ግን እነሱን መጠየቅ አለበት።

ወደዚህ የሚያደርሱት መንገዶች በሦስት ይከፈላሉ። አንደኛውና ብዙ ሰው የሚያጋጥመው፣ ነርቮች የልብን ምት ሲያዘገዩና የደም ሥሮችን ሲያላሉ የሚመጣው ነው፤ ብሪታንያዊው የልብ ሐኪም ቶማስ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1932 ቫሶቬጋል ብሎ የጠራው ይህን ነው። ደም ማየት፣ ብርቱ ሕመም፣ በሙቀት ውስጥ ለረጅም ጊዜ መቆም ይቀሰቅሰዋል። በዐቢይ ጾም እህል ውኃ ሳይቀምሱ ረጅም ቅዳሴ ሲያስቀድሱ ከቆሙት አንዱ ገርጥቶ፣ በላብ ተጠምቆ፣ በግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ሲንሸራተት የተመለከተ ሰው ይህን ዓይነቱን አይቷል። ሁለተኛው ሰው ከተኛበት ወይም ከተቀመጠበት ሲነሳ የሚመጣ ነው። በዚያች ቅጽበት ከ500 እስከ 800 ሚሊ ሊትር የሚሆን ደም ወደ እግርና ወደ ሆድ ይወርዳል፤ ሰውነት ይህን ቶሎ ካላካካሰ የደም ግፊት ይወድቃል፣ ሰውም አብሮ ይወድቃል። ሦስተኛው ከራሱ ከልብ የሚነሳ ነው፦ ልብ ለተወሰኑ ሰከንዶች ቀጥ ይላል፣ ወይም ደም ለመሙላት ፋታ እስኪያጣ ድረስ ይፈጥናል።

ከውጭ ሲታዩ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ መጨረሻቸው ግን አንድ አይደለም። በአሜሪካ ፍሬሚንግሃም ከተማ ነዋሪዎች ላይ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ጥናት 7,814 ሰዎችን በአማካይ ለ17 ዓመታት ተከታትሎ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 822ቱ ራሳቸውን እንደሳቱ ተናግረዋል። በቫሶቬጋል ምክንያት የወደቁት የመሞት ዕድላቸው ጨርሶ ካልወደቁት ሰዎች ሳይበልጥ ቀረ። ምክንያቱ ከልብ በሆነባቸው ሰዎች ላይ ግን እጥፍ ሆነ። እንግዲህ አንዱ ውድቀት ዕረፍትና ውኃ የሚበቃው፣ ሌላው ለሞት የቀረበ ሆኖ ሳለ፣ ሁለቱም ባለቤቶች ከወደቁበት ተነስተው ልብሳቸውን እያራገፉ ደህና ነኝ ይላሉ። ለምን የሚለው ጥያቄ እዚህ ላይ ክብደቱ የሕይወትና የሞት ነው።

ጥያቄውን የሚያከብደው የምስክሩ ጉዳይ ነው። ሐኪም ስለ ሕመም የሚያውቀውን አብዛኛውን የሚሰማው ከታማሚው አንደበት ነው፤ ራሱን የሳተ ሰው ግን ዋናው ነገር በሆነበት ሰዓት አልነበረም። ሕክምና የተማረው ፈላስፋ ጆን ሎክ እ.ኤ.አ. በ1694 በወጣው የትልቁ ድርሳኑ ሁለተኛ እትም ላይ፣ አንድ ሰው ያው ራሱ ሆኖ የሚቀጥለው ንቃቱ ወደ ኋላ እስከሚደርስበት ድረስ ነው ሲል ተከራክሯል። በዚህ መለኪያ ከሄድን ያቺ የጠፋች ደቂቃ የማንም አይደለችም። ሥጋ ግን ያለ ባለቤቱም ታሪኩን ይቀጥላል፤ ልብ ይቆማል ወይም ይመታል፣ ግፊት ይወርዳል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል። ፈረንሳዊው ሚሼል ደ ሞንቴኝ በፈረስ አደጋ ወድቆ ራሱን ከሳተ በኋላ በጻፈው ድርሰት፣ ገና ሳይነቃ ለሚስቱ ፈረስ እንዲያመጡላት አዝዞ እንደነበር የሰማው ከሌሎች መሆኑን ይተርካል። የእሱ የአደጋ ጉዳት እንጂ ከልብ ወይም ከደም ግፊት የመጣ አይደለም። ቢሆንም ነገሩን ከሥሩ አሳይቶታል፦ ሰው የራሱን ታሪክ አንድ ገጽ ከጎረቤቱ አፍ ሊሰማ ይገደዳል።

የጎረቤቱ ምስክርነትም ቢሆን ያሳስታል። በበርሊን ቶማስ ሌምፐርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጥናት ጤነኛ ወጣት በጎ ፈቃደኞችን ሆን ብለው ራሳቸውን እንዲስቱ አድርገው በቪዲዮ ቀርጸዋቸዋል። ሙሉ በሙሉ ራሳቸውን ከሳቱት ውስጥ ወደ 90 በመቶ የሚሆኑት ጡንቻቸው ተንቀጥቅጧል፤ የአብዛኞቹም ዓይን እንደተከፈተ ነበር። በብዙ ሰው አእምሮ ውስጥ ያለው የራስን መሳት ሥዕል ዓይን ጨፍኖ ዝም ብሎ መዝለፍለፍ ነው፤ መንቀጥቀጥና ዓይን ማፍጠጥ ከታየ የሚጥል በሽታ ነው ተብሎ ይደመደማል። በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ ሰው መንገድ ላይ ሲወድቅ ሰው ይከበዋል፣ አንዱ ክብሪት ይጭራል፣ ጢሱን አፍንጫው ሥር ያደርገዋል። ሰውየው ይነቃል። ይነቃ የነበረው ክብሪት ባይጫርም ነበር፤ ደሙ ወደ አንጎሉ የተመለሰው በመጋደሙ ነው። ቆሞ ያየው ሕዝብ ግን ክብሪቱን ከመንቃቱ ጋር አያይዞ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ሁለቱን ተከታትለው ሲሆኑ በዓይኑ በብረቱ አይቷቸዋል። ከዚያች ዕለት ጀምሮ በሰውየው ላይ የሚጥል በሽታ የሚል ስም ይለጠፍበታል፤ ያ ስም ትዳር ያስቀራል፣ ሥራ ያሳጣል፣ ልጅን ከትምህርት ቤት ያስወጣል።

ሐኪሞችም ከዚህ ስሕተት ነፃ አይደሉም። በእንግሊዝ ማንችስተር እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት የሚጥል በሽታ አለባቸው የተባሉ ወይም የተጠረጠሩ፣ መድኃኒቱም ያልሠራላቸው ወይም ምርመራው ያጠራጠረባቸው 74 ሰዎችን እንደገና መረመረ። በ31ዱ ላይ ሌላ ምክንያት፣ በአብዛኞቹም ከልብና ከደም ሥር የሚነሳ፣ ተገኘ።

ልብ ሰውን ሊጥል እንደሚችል መጠርጠር አዲስ ነገር አይደለም። ጣሊያናዊው ሞርጋኒ እ.ኤ.አ. በ1761፣ ቀጥሎም የደብሊን ሐኪሞች ሮበርት አዳምስ በ1827 እና ዊሊያም ስቶክስ በ1846፣ እየወደቁ የሚነሱና የደም ሥር ምታቸው እጅግ የዘገየ ሰዎችን መዝግበዋል። መሣሪያቸው በእጅ አንጓ ላይ የተቀመጠ ጣት ነበር። ያዩትም በውድቀቶች መካከል ያለውን ዝግታ እንጂ በውድቀቱ ጊዜ የሆነውን ሁልጊዜ አልነበረም። በሃያኛው መቶ ዘመን መባቻ ሆላንዳዊው ቪለም አይንቶቨን በላይደን የልብን ኤሌክትሪክ የሚጽፍ መሣሪያ ሠራ። መሣሪያው 270 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ ታካሚው እጆቹንና እግሩን በጨው ውኃ በተሞሉ ዕቃዎች ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል፣ ከሆስፒታሉ እስከ ቤተ ሙከራው ድረስም 1.5 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቦ ተዘርግቶ ነበር። ሥራው ለአይንቶቨን እ.ኤ.አ. በ1924 የኖቤል ሽልማት አስገኝቶለታል። ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚነሳው ኢሲጂ የዚያ ልጅ ነው፤ በተለምዶ የሚመዘግበውም 10 ሰከንድ ብቻ ነው።

መሣሪያውን ከክፍሉ አውጥቶ ከሰው ጋር እንዲሄድ ያደረገው አሜሪካዊው ኖርማን ሆልተር ነው። በሞንታና ግዛት ሄለና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ የሠራው የመጀመሪያው ተሸካሚ መሣሪያ 38 ኪሎ ግራም የሚመዝን የጀርባ ሸክም ነበር። በስሙ የሚጠራው የዛሬው ሆልተር ግን ከኪስ ስልክ ያነሰ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት ይታሰራል። ትልቅ እርምጃ ነው፣ ግን ስሌቱ ጨካኝ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ራሱን የሚስት ሰው ሆልተር ለአንድ ቀን ቢታሰርለት፣ ያ ቀን ከሁለቱ ቀኖች አንዱ ሆኖ የመገኘት ዕድሉ ከ180 አንድ ያህል ነው። በቀሩት ቀናት ሁሉ ውጤቱ ደህና ነው ተብሎ ይጻፋል። ቃሉ ሐሰት አይደለም፤ የተጠየቀው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ይቀራል፣ ምክንያቱም የተመረመረው የወደቀው ሰው ሳይሆን በሰላም የዋለው ሰው ነው። በሽታው ባልነበረበት ሰዓት የተነሳ ንጹሕ ወረቀት በሽታው እንደሌለ ማስረጃ ተደርጎ ሲታይ፣ ስንት ሰው ያለ መልስ ወደ ቤቱ እንደተመለሰ ማሰብ ያሳዝናል።

በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ለንደን በተባለችው ከተማ የሚሠሩ የልብ ሐኪሞች አንድሩ ክራን፣ ጆርጅ ክላይንና ሬይመንድ ዪ ያነሱት ሐሳብ ለዚህ ስሌት መልስ ነበር። የልቡን ጽሕፈት ለቀናት ሳይሆን ለወራት ለመያዝ መዝጋቢው ከቆዳ ሥር መቀበር አለበት። እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት የመጀመሪያ ሙከራ፣ የተለመዱት ምርመራዎች ሁሉ ምንም ባላሳዩባቸው 16 ሰዎች ላይ መሣሪያውን ቀበሩ። አሥራ አምስቱ እንደገና ራሳቸውን ሳቱ፤ ይህም በአማካይ ከአራት ወር በኋላ ነበር። በአሥራ አምስቱም ላይ ልብ በዚያች ሰዓት ምን ያደርግ እንደነበር ታየ፦ በዘጠኙ የምት መዛባት ነበር፣ በስድስቱ አልነበረም። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ለእነዚህ ሰዎች ማንም ይህን ሊነግራቸው አልቻለም ነበር።

ሐኪሞች በተለምዶ ሉፕ ሪኮርደር የሚሉት ይህ መሣሪያ አሠራሩ በጥንቃቄ ሊታይ የሚገባው ነው። በሁለቱ ጫፎቹ ላይ ሁለት ኤሌክትሮዶች አሉት፤ በእነሱ መካከል የሚያልፈውን የልብ ኤሌክትሪክ ያለማቋረጥ ያነባል። ያነበበውን ሁሉ ግን አያስቀምጥም። ትውስታው ክብ ነው፦ አዲሱ ምት ሲገባ አሮጌው ይጠፋል፣ እንዲህ እያለ ሌሊትና ቀን ይዞራል። ማስቀመጥ የሚጀምረው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ልብ ከተወሰነለት ወሰን ከወጣ፣ ለምሳሌ ከሦስት ሰከንድ በላይ ከቆመ ወይም ከመጠን በላይ ከዘገየ ወይም ከፈጠነ፣ ራሱ ይይዛል። ሁለተኛ፣ ሰውየው ከነቃ በኋላ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መሣሪያ ደረቱ ላይ አድርጎ ቁልፉን ሲጫን ወይም በስልኩ ሲያዝዝ፣ መዝጋቢው ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፉትን ደቂቃዎች ያስቀምጣል። ይህ ወደ ኋላ መመለስ የአሠራሩ ልብ ነው። ሰው ከመውደቁ በፊት ሊያስጠነቅቅ አይችልም፤ ሊናገር የሚችለው ከተነሳ በኋላ ነው። መሣሪያው የተሠራው ይህን የሰውን መዘግየት ታግሶ እንዲጠብቅ ተደርጎ ነው፣ በዚህም ምክንያት ሁሉን ከሚያከማች ማኅደር ይልቅ የሚፈለገውን ሳይጥል የሚረሳ ትውስታ ይበልጥ ጠቃሚ ሆኗል።

ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው፣ የሜድትሮኒክ ኩባንያ ሪቪል፣ ርዝመቱ 61 ሚሊ ሜትር ክብደቱም 17 ግራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው ሪቪል ሊንክ 2.5 ግራም ብቻ ይመዝናል፤ 45 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 7 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ ባትሪውም ሦስት ዓመት ያህል ይቆያል። ባዮትሮኒክና አቦት የተባሉት ኩባንያዎችም የየራሳቸውን ይሠራሉ፤ ከኋላ የመጡት ከሦስት ዓመት አልፈው ይሠራሉ። አቀባበሩ ቀላል ነው። በግራ ደረት ላይ፣ ከደረት አጥንት ጎን በአራተኛው የጎድን አጥንት አካባቢ፣ ቆዳው በመርፌ ይደነዝዛል፤ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ያነሰ ቀዳዳ ይከፈታል፣ መሣሪያው በተዘጋጀለት ማስገቢያ ተገፍቶ ከቆዳው ሥር ይገባል። ሽቦ ወደ ልብ አይገባም። ሥራው የደቂቃዎች ነው፣ ታካሚው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ኢንፌክሽን ወይም የቆዳ መላጥ አልፎ አልፎ ያጋጥማል እንጂ ብዙ አይደለም። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ጣት ሲያልፍበት ጠንከር ያለች ቀጭን ነገር ትዳሰሳለች። ማታ ሰውየው ሲተኛ አልጋው አጠገብ የተቀመጠ ማስተላለፊያ ወይም ስልኩ የተያዘውን ወደ ክሊኒኩ ይልካል።

መሣሪያው አያድንም። ልብ ሲቆም አያስነሳም፣ ሲፈጥን አያበርድም። ያለው ሥራ መጠበቅ ብቻ ነው፤ የሚጠብቀውም ሰውየው ዳግም እስኪወድቅ ነው። ሕክምና አብዛኛውን ጊዜ ክፉው ነገር እንዳይደገም ይተጋል፤ እዚህ ግን ዕውቀቱ የሚገኘው ክፉው ነገር ሲደገም ነው። ይህን ለታካሚ በግልጽ አለመንገር ልክ አይደለም። ደረቱ ላይ የተቀበረ ነገር ስላለ ብቻ የተጠበቀ የሚመስለው ብዙ ነው፤ እውነቱ ግን ቀጣዩ ውድቀት በደረጃ ላይ፣ በእሳት አጠገብ፣ በመሪ ላይም ሊሆን ይችላል። በአዲስ አበባ ሚኒባስ የሚነዳ፣ በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ ሰው ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ መሪ መያዝ የለበትም ሲባል፣ የመጠበቁን ዋጋ የሚከፍለው ከዕለት እንጀራው ነው። ምርመራው ነፃ የሆነ የሚመስለው ይህ ወጪ ሳይቆጠር ሲቀር ነው።

ስለዚህ ማን ይጠብቅ የሚለው ከሁሉ የሚቀድም ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የአውሮፓ የልብ ሕክምና ማኅበር መመሪያ መልሱን በሁለት ይከፍለዋል። አደገኛ ምልክት የሌለባቸው፣ ነገር ግን የሚደጋገምባቸውና ባትሪው ሳያልቅ እንደገና የመውደቅ ዕድላቸው ሰፊ የሆነ ሰዎች ገና በጠዋቱ ሊቀበርላቸው ይገባል። አደገኛ ምልክት ያለባቸው ግን፣ ማለትም በሩጫ መካከል ወይም ተጋድመው ሳሉ የወደቁ፣ ልባቸው የተጎዳ፣ ኢሲጂያቸው የተበላሸ ሰዎች፣ መጀመሪያ በሚገባ መመርመር አለባቸው። ልብን የሚያስመታው ፔስሜከር ወይም በኤሌክትሪክ ንዝረት ልብን የሚመልሰው ዲፊብሪሌተር የሚያስፈልገው ሰው በመዝጋቢ አይጠበቅም፤ ቀጣዩ ውድቀቱ መነሻ የሌለው ሊሆን ይችላልና። መጠበቅ የሚፈቀደው ውድቀቱ ሊቻል በሚችልበት ቦታ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል፣ ያለ መዝጋቢ መዞርም መጠበቅ ነው፤ ልዩነቱ ቀጣዩ ውድቀትም ከንቱ መቅረቱ ነው። ከአውሮፓ አገሮችና ከእስራኤል የተሰበሰበውና እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመው ፒክቸር የተባለ መዝገብ 570 ሰዎችን ተከታትሏል። እነዚህ ሰዎች መሣሪያው ከመቀበሩ በፊት በአማካይ በሦስት የተለያዩ ስፔሻሊስቶች ታይተዋል፣ መካከለኛ ቁጥሩ 13 የሆነ ምርመራ አድርገዋል፤ ከሦስት አንዱ በላይ ወድቆ ጉዳት ደርሶበታል። መሣሪያው ከገባ በኋላ ክስተቱ ከተደገመባቸው 218 ሰዎች በ170ዎቹ ላይ መልስ ተገኘ። የካናዳዎቹ ሐኪሞች ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2001 ያሳተሙት ራስት የተባለው ጥናት ደግሞ 60 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ነበር። መዝጋቢው በተቀበረላቸው ወገን 52 በመቶ፣ በተለመደው ምርመራ በተያዙት 20 በመቶ ምክንያቱ ታወቀ። አሥራ ሦስት ጊዜ ከበር ወደ በር ከመላክ ይልቅ አንዱን ምስክር በቦታው አስቀምጦ መታገሥ ይሻል ነበር ማለት ነው።

የተያዘው ጽሕፈት ሲነበብ ትምህርቱ ሰፊ ነው። በተለመደው ፍጥነት አንድ ሰከንድ በወረቀቱ ላይ 25 ሚሊ ሜትር ይወስዳል፤ ልብ ለዘጠኝ ሰከንድ ከቆመ መስመሩ ያለ አንዳች ጉብታ ከአንድ ተራ ገጽ ስፋት በላይ ይሄዳል። አቋቋሙ ራሱ ታሪክ አለው። ምቱ መጀመሪያ ትንሽ ፈጥኖ፣ ከዚያ እየራቀ እየራቀ ሄዶ ከቆመ፣ ቬገስ የተባለው ነርቭ ልብን እንደያዘው ይጠረጠራል። የላይኞቹ የልብ ክፍሎች ትንንሽ ሞገዶች ሳይዛቡ እኩል እየተጓዙ የታችኞቹ መልስ በድንገት ከጠፋ ደግሞ፣ በመካከላቸው ያለው የኤሌክትሪክ መተላለፊያ ታምሟል፤ ይህ ፔስሜከር የሚጠይቅ ነገር ነው። ሁለቱም ሰዎች ወድቀዋል፣ የሁለቱም ልብ ቆሟል፣ ሕክምናቸው ግን አንድ ላይሆን ይችላል።

ሰውየው ወድቆ ሳለ ልቡ ያለ አንዳች እንከን ሲመታ የተገኘበት ጽሕፈትም አለ። ብዙ ታካሚዎች ይህን ሲሰሙ ምንም አልተገኘም ብለው ያዝናሉ። ተገኝቷል እንጂ። ሆልተሩ በሰላም በዋለ ቀን ደህና ነው ማለቱና መዝጋቢው በውድቀቱ ደቂቃ ደህና ነው ማለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ምስክርነቶች ናቸው፤ የኋለኛው ልብን ከክሱ ነፃ ያወጣል፣ ፍለጋውንም ወደ ደም ግፊት፣ ወደ ነርቭ ወይም ወደ አእምሮ ጭንቀት ይመራል።

መዝጋቢው ግን ልብን እንጂ ሰውን አያይም። የደም ግፊት አይለካም፤ ሰውየው መውደቁንም አያውቅም። በሌሊት በተኛ ሰው ላይ የታየ የሦስት ሰከንድ መቆም በሽታ ላይሆን ይችላል፤ ሰውየው በገበያ መካከል ሲወድቅ የታየው ያው ሦስት ሰከንድ ሌላ ነው። ልዩነቱን የሚናገረው ሰው ነው፦ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ፣ ምን ያደርግ እንደነበር፣ አጠገቡ የነበረው ምን እንዳየ። ባለቤቱ መውደቁን ያውቃል ልቡን አያውቅም፣ መሣሪያው ልቡን ያውቃል መውደቁን አያውቅም፤ ሐኪሙ ሁለቱን በአንድ ሰዓት ላይ ካላገናኘ ምክንያት አገኘሁ ማለት አይችልም። የአውሮፓው መመሪያ ቤተሰብ ሲወድቅ ያየውን ሰው በስልክ እንዲቀርጽ ማበረታታትን የሚመክረው ለዚህ ነው። ይህ ምክር መዝጋቢው በማይገኝበት ወይም ዋጋው በማይደፈርበት አገር የበለጠ ዋጋ አለው። ክብሪት ከመጫር ይልቅ ሰውየውን አጋድሞ፣ እግሩን ከፍ አድርጎ፣ የደም ሥር ምቱን በጣት ማዳመጥና ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ማንም ሊያደርገው የሚችል ምስክርነት ነው።

ምክንያቱ ታየ ማለትም ምክንያቱ አለቀ ማለት አይደለም። ኢሹ-3 የተባለውና እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመው ጥናት ዕድሜያቸው 40ና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ልባቸው ሲቆም በመዝጋቢው የታየ 77 የቫሶቬጋል ሕሙማንን ያዘ። ለሁሉም ፔስሜከር ተደረገላቸው፤ ለግማሾቹ በርቶ፣ ለግማሾቹ ጠፍቶ፣ የማን እንደበራ ራሳቸውም ሐኪሞቻቸውም ሳያውቁ። በሁለት ዓመት ውስጥ ከጠፋላቸው 57 በመቶ፣ ከበራላቸው ደግሞ 25 በመቶ እንደገና ወደቁ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ነገር ግን መቆሙ ታይቶ፣ መቆሙ ተከልክሎ፣ ከአራት አንድ አሁንም ወድቋል፤ ነርቩ ልብን ሲያቆም የደም ሥሮቹንም ያላላ ነበርና፣ ያንን መሣሪያው አላየውም። ዓይን ያረፈበት ነገር ከዓይን የተሰወረውን ጎረቤቱን እንዳያስረሳ ይህ ጥናት ከብዙ ድርሳን በተሻለ ያሳያል።

መሣሪያው ላልተጠየቀው ጥያቄም ይመልሳል። ምክንያቱ ያልታወቀ ስትሮክ በደረሰባቸው ሰዎች ላይ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የተባለውን የምት መዛባት ለመፈለግ ያገለግላል፣ በዚህም ከተለመደው ክትትል እጅግ የበለጠ ያገኛል። ይሁንና በዴንማርክ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ሉፕ የተባለ ጥናት ዕድሜያቸው ከ70 እስከ 90 የሆነ፣ ይህ የምት መዛባት ያልታወቀባቸው 6,004 ሰዎችን ያዘ። መዝጋቢው በተቀበረላቸው 31.8 በመቶ፣ ባልተቀበረላቸው 12.2 በመቶ መዛባቱ ተገኘ፤ ስትሮክና መሰል የደም መርጋት ግን በአኃዝ የሚያረካ ያህል አልቀነሰም። የበለጠ ማየት የበለጠ መዳን ሆኖ አልተገኘም። ራሱን ለሚስት ሰው መሣሪያው የሚጠቅመው ጥያቄው አስቀድሞ ስላለ ነው፦ በዚያች ደቂቃ ምን ሆነ? ጥያቄ ሳይኖር ዓመት ሙሉ የሚደመጥ ልብ፣ ጤነኛም ቢሆን፣ ትርጉም የሚፈለግለት አንድ ነገር ማሳየቱ አይቀርም። መሣሪያው ምት ሳይሰማው ቀርቶ ልብ ቆመ ብሎ የሚልካቸው የሐሰት ማስጠንቀቂያዎችም አሉ፤ በየማለዳው እነሱን የሚያጣራ የሠለጠነ ዓይን ከሌለ እውነተኛው መካከላቸው ይቀበራል።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ከተቀበረላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ዳግም አይወድቁም፤ በፒክቸር መዝገብ ክስተቱ የተደገመባቸው 38 በመቶ ብቻ ናቸው። መሣሪያው ስላዳናቸው አይደለም። ሰው ሐኪም ዘንድ የሚሄደው ነገሩ ሲበዛበት ነው፤ የበዛ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ በራሱ ይበርዳል።

መልሱ ሲገኝ ወይም ባትሪው ሲያልቅ መሣሪያው በዚያችው ዓይነት ትንሽ ቀዳዳ ይወጣል። ፔስሜከር የሚያስፈልገው ሰው ብዙ ጊዜ በአንድ ቀጠሮ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ይገባለታል። የነርቭ መሆኑ የታወቀበት ሰው ውኃ በብዛት እንዲጠጣ፣ ምልክቱ ሲጀምረው ሳያፍር ባለበት እንዲጋደም፣ እግሩን አጣምሮ ጡንቻውን እንዲያጠብቅ ይማራል። ዓመታት ያለ ውድቀት ያለፉበት ሰው መዝገብ ላይ ግን ምክንያቱ ያልታወቀ የሚለው ቃል አይሰረዝም። አዲስ ይቀበር ወይስ ይቅር የሚለውን ሐኪሙና እሱ አብረው የሚወስኑት፣ ከመጨረሻው ውድቀት ወዲህ ስንት ጊዜ እንዳለፈ፣ በምን ሥራ እንደሚተዳደር፣ ነገሩ ቢደገም ምን ያህል ሊጎዳው እንደሚችል ቆጥረው ነው።